ሌላ ሰው ሆኜ የሮጥኩባቸው ዓመታት

ሥራዬ ምን እንደሆነ በአማርኛ ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። የውድድሩ ወቅት አልቆ ሳን ሆዜ እናቴ ጋ ስመጣ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሽማግሌዎች ጠጋ ይሉኛል።

«ኳስ ተጫዋች ነው አሉን። አጥቂ ነህ ተከላካይ?»

«እግር ኳስ አይደለም አባባ። የአሜሪካኖቹ ነው።»

«ያ ሄልሜት አጥልቀው የሚላተሙት?»

«አዎ።»

«በእጅ እየያዙት ፉትቦል የሚሉት ለምንድን ነው?»

«እኔም አላውቅም።»

ይስቃሉ። ከዚያ አንዳቸው አይቀሬውን ጥያቄ ያነሳሉ፤ «ታዲያ የአንተ ሥራ ምንድን ነው?»

«ተቀባይ ነኝ። አንዱ ይወረውራል፣ እኔ ሮጬ እቀበላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይጥሉኛል።»

አንድ ጊዜ እንዲህ ስመልስ አንድ አባት ትከሻዬን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝና «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ብለውኝ ሄዱ። ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝተኛ ተጫዋች ነበርኩ፤ በእውነተኛ ጨዋታ ላይ ግን አንዲት ኳስ እንኳ አልያዝኩም ነበር።

አሜሪካ የገባሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ዲቪ የደረሳት እናቴ ናት። ከአባቴ ጋር ከተለያዩ ቆይተው ስለነበር ሁለታችን ብቻ መጣን። ሳን ሆዜ በስተምሥራቅ በኩል ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራየችና መጀመሪያ ቢሮ ስታጸዳ ቆይታ፣ ኋላ ኮርስ ወስዳ አረጋውያን መጦሪያ ገባች። እስከ ዛሬም ሥራዋ እሱ ነው። ሰው ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች።

ትምህርት ቤት ስገባ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። የሚከብደኝ ክፍሉ ሳይሆን ምሳ ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ ሁሉም ዝም ስለሚል የእኔ ዝምታ አይታይም። ምሳ ቤት ግን ሦስት መቶ ልጅ ባንዴ ሲያወራ፣ ትሪዬን ይዤ የት እንደምቀመጥ አላውቅም። አብዛኛውን ጊዜ በቆሻሻ መጣያው በኩል ያለችው ጠረጴዛ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ በፍጥነት እበላና ወደ ሜዳው እወጣለሁ። እዚያ ብቻዬን መሮጥ ጀመርኩ። የሚያሯሩጠኝም የለ፤ ደወሉ እስኪደወል ጊዜውን ለመግደል ነበር።

የስፖርት አስተማሪው ያየኝ እንደዚያ ስሮጥ ነው። ሃይስኩል ስገባ ከአሠልጣኙ ጋር አገናኘኝ። ከመላው ሜዳ ለእኔ የመረጡልኝ ቦታ ዳር ላይ ያለው ነው። ሌሎቹ መሐል ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ሲቆሙ፣ ተቀባይ ብቻውን ራቅ ብሎ ከመስመሩ አጠገብ ይቆማል። ማንም አያናግረውም። የሚጠበቅበት የተነገረውን መስመር በትክክል ሮጦ፣ በትክክለኛው ሰዓት ዞር ብሎ፣ ኳሷን መያዝ ነው። ቋንቋ አያስፈልገውም። ለእኔ የተሠራ ቦታ መሰለኝ።

እናቴ የፈቃድ ወረቀቱን ስትፈርም እግር ኳስ መስሏት ነበር። እኔም አላረምኳትም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ አርብ አመሻሽ ላይ ሳትነግረኝ ጨዋታ ልታይ መጣች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የመጦሪያውን ሰማያዊ የሥራ ልብስ እንደለበሰች ነው። እኔ አላየኋትም። በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ ልይዝ ወደ ላይ ስዘል አንዱ ተከላካይ ከጎን መጥቶ ጎድኔ ላይ አረፈብኝ። ወደቅሁ፣ ትንፋሼም ጥፍት አለ። ምንም አልሆንኩም፤ አየር እስኪመለስልኝ ተኝቼ መጠበቅ ብቻ ነበረብኝ። ግን ሰማዩን እያየሁ ተንጋልዬ ሳለ «ልጄን! ልጄን!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

እናቴ ከመቀመጫው ወርዳ አጥሩን ተሻግራ ሜዳው ውስጥ እየሮጠች ነበር። አንዱ ጫማዋ አጥሩ ሥር ቀርቷል። ሁለት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ከኋላዋ ይከተላሉ። ደርሳ ተንበረከከችና ሄልሜቴን በሁለት እጇ ይዛ ልታወልቀው ትታገል ጀመር። ከተመልካቾቹ መቀመጫ ሳቅ ተሰማ። የራሴ ጓደኞችም ሳቁ። ምሳ ላይ አብረውኝ መቀመጥ የጀመሩት በዚያው ዓመት ነበር።

እጇን ከላዬ አንስቼ በእንግሊዝኛ «ወደ ቤትሽ ሂጂ። ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ» አልኳት።

በእንግሊዝኛ ያልኩት እንዲሰሙልኝ ነው። እሷም ገብቷታል። አልተቆጣችም። አንዴ ራሷን ነቀነቀችና ተነስታ፣ አንድ እግሯ ካልሲ ብቻ እንደሆነ፣ ጫማዋን ልታነሳ ወደ አጥሩ ተመለሰች። ቤት ስገባ እራቴ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ነበር። ስለዚያ ቀን አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታዬን ልታይ መጥታ አታውቅም። እኔም ዓመታት ሲያልፉ ያልኳትን ረስቼ፣ አለመምጣቷን ብቻ ቆጠርኩ።

ሁለት ዓመት እዚያው ሳን ሆዜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተጫወትኩ። ከዚያ በረዶ ወደሚበዛበት ሩቅ ስቴት ሄጄ አንዲት ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ። ትልልቆቹ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡባቸውን ሦስት ቀናት ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አሳለፍኩ። አልጠራም። ምርጫው ካበቃ በኋላ ግን አንድ ቡድን «መጥተህ ሞክር» አለኝ። ዘጠና ሆነን ሞከርን። ሲጣራ እኔን ዋናው ቡድን ውስጥ አላስገቡኝም፤ አላባረሩኝምም። የልምምድ ቡድን በሚሉት ውስጥ አስቀሩኝ።

የልምምድ ቡድን ማለት ከቡድኑ ጋር የምትበላ፣ የምትሠራ፣ የምትሰበሰብ፣ ግን እሑድ የማትጫወት ሰው ማለት ነው። የሌሎቹ ስም መልበሻ ሳጥናቸው ላይ በብረት ተቀርጿል። የእኔ በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ከእኔ አጠገብ የነበረው ፕላስተር በመጀመሪያው ወር ብቻ አራት ጊዜ ተቀየረ። ጠዋት ስትገባ ፕላስተሩ ተልጦ ካየህ ሰውየው ሄዷል ማለት ነው፤ ማንም አይጠይቅም።

ረቡዕ ጠዋት ጠዋት ረዳት አሠልጣኙ ቀይ ሰደርያ ይወረውርልኛል። ሰደርያው ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የእኔ ሳይሆን በዚያ ሳምንት የምንገጥመው ቡድን ታዋቂ ተቀባይ ቁጥር ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያንን ሰው በቪዲዮ ሳጠና እውላለሁ። ሲነሳ የቱን እግር ያስቀድማል? ሊዞር ሲል የትኛውን ትከሻ ይጥላል? ሲደክመው እጁ ምን ይሆናል? ረቡዕ እሱን ሆኜ እሮጣለሁ፤ ተከላካዮቻችን እኔን እያሳደዱ እሱን ይለማመዳሉ። ጥሩ ከሠራሁ «ልክ እሱን!» ይሉኛል። ከፍተኛው ምስጋና ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ሰው። ራሴን ሆኜ የሮጥኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ቡድኑ እሑድ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እኛን አይወስድም። ተከራይቼ በምኖርባት አፓርትመንት ሶፋ ላይ ሆኜ፣ ሳምንቱን ሙሉ አብሬያቸው የዋልኳቸውን ሰዎች በቴሌቪዥን አያለሁ። ሲያሸንፉ ለብቻዬ አጨበጭባለሁ፤ አጨብጭቤም እጄን አያለሁ። ሰኞ ስንገናኝ በመንገድ ላይ ስለሆነው ነገር ይሳሳቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ብርዱስ?»

«ብርድ ነው።»

«ደርብ።»

«እሺ እማዬ።»

ስለ ሥራው አትጠይቀኝም። እኔም ግድ ስለማይሰጣት ነው ብዬ አልነግራትም። ሆድ ሲብሰኝ የአንድ ጓደኛዬን እናት አስባለሁ፤ በየጨዋታው የልጇን ቁጥር ለብሳ የምትመጣ፣ ድምጿ እስኪዘጋ የምትጮህ ሴትዮ ነበረች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር አካባቢ፣ ሁለት ተቀባዮች በተከታታይ ተጎዱ። ቀጣዩ ጨዋታ ሳንታ ክላራ ነበር፤ ከእናቴ ቤት በመኪና ሃያ ደቂቃ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ። አርብ ዕለት አሠልጣኙ ጠራኝና «እሑድ ትለብሳለህ» አለኝ። ይኼው ነው፣ ሁለት ቃል። ከስብሰባው ክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ሳንታ ክላራ እጫወታለሁ። ቲኬት አስቀምጬልሻለሁ። ስልክሽ ላይ ሴንድ አደርግልሻለሁ።»

«እሑድ ሥራ ነኝ እኮ» አለች።

«ለውጪያ፤ የሚሸፍንልሽ አይጠፋም።»

«እስቲ እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ።

እሑድ ለማሟሟቂያ ስንወጣ ወንበሯን ፈለግኩት። ከእኛ መቀመጫ ጀርባ፣ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ሁለተኛው። ባዶ ነበር። ጨዋታው ሲጀመርም ባዶ ነው። በእረፍት አንድ ሰውዬ ጃኬቱን አስቀመጠበት።

ያን ቀን ኳስ ሦስት ጊዜ ወደ እኔ ተወረወረች። የመጀመሪያዋ አጭር ናት፤ ያዝኳት፣ ወዲያው ጣሉኝ። አስተዋዋቂው ስሜን አጣሞ ጠራው፤ ሰባ ሺህ ሰው በተቀመጠበት ስሜ ተጠርቶ አንድም የሚያውቀኝ ሰው እንደሌለ ሳስብ ፈገግ አልኩ። ሁለተኛዋ በመሐል በኩል፣ በሁለት ሰዎች መካከል መጣች፤ እሷንም ያዝኩ። ሦስተኛዋ ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ከተከላካዩ አምልጬ ነበር። ፊት ለፊቴ ማንም የለም። ኳሷ እየተሽከረከረች መጥታ መዳፌ ላይ አረፈች፤ ከዚያ ወደቀች። እንዴት እንደወደቀች አላውቅም። ሣሩ ላይ ስትነጥር ቆሜ አየኋት። ተሸነፍን። በእኔ ምክንያት ነው ያለ የለም፤ ያላለም የለም።

ከታጠብን በኋላ ተጫዋቾች ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙበት ከአውቶቡሱ አጠገብ የታጠረ ቦታ አለ። ሚስቶች፣ እናቶች፣ ሕፃናት። እኔም ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ። ከሩቅ አንዲት ጠይም ሴት ባየሁ ቁጥር ወደ አጥሩ እጠጋለሁ። ጥሪው ሲደረግ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሞተሩ እንደተነሳ ስልኬ ጠራ።

«ሦስተኛዋን ኳስ ሳትይዛት ዓይንህን ከላይዋ አነሳህ» አለችኝ እናቴ።

የሰማሁትን አላመንኩም። «ምን አልሽ?»

«የምትሮጥበትን አየህ። መጀመሪያ ያዝ፣ ከዚያ ሩጥ።»

«ማነው የነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አይቼ ነዋ።»

«ሥራ አይደለሽም እንዴ?»

«ሥራ ነኝ። ደወል ተደውሏል፣ ልሂድ። ይልቅ በላህ?»

በሚቀጥለው ሳምንት ከተጎዱት አንዱ ተመለሰና እኔም ወደ ቀዩ ሰደርያ ተመለስኩ።

በበጋው የዝግጅት ልምምድ ላይ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ዞር ስል የተረከዜ ጅማት ተበጠሰ። ከኋላ በድንጋይ የመቱኝ መስሎኝ ዞሬ ሰው ፈለግኩ። ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በክራንች ወደ ሕንፃው ስገባ፣ በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ትሕትና በተሞላው ድምፅ «ፎቅ ላይ ይፈልጉሃል፤ ታብሌትህን ይዘህ ና» አለኝ። ታብሌቱ ውስጥ የቡድኑ የጨዋታ ዕቅድ ሁሉ አለ። እሱን መልስ ካሉህ አልቋል። እጄን ጨበጡኝ፣ መልካም ተመኙልኝ፣ አመሰገኑኝ። ዕቃዬን ልወስድ ወደ ሳጥኔ ስመለስ ፕላስተሩን ራሴ ልጬ ኪሴ ከተትኩት።

ሳን ሆዜ ተመልሼ እናቴ ሶፋ ላይ ወደቅሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ አላረፈም። የቡድን ጓደኞቼ «ጠንክር ወንድሜ» ይላሉ። በሁለተኛው ወር በቀን አንድ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ። ውድድሩ ሲጀመር ጭር አለ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ፕላስተሩ የተላጠ ሰው ጋ ደውዬ አላውቅም። እናቴ ጠዋት ሥራ ስትሄድ ምሳዬን በክዳን ታስቀምጥልኛለች። ስትመለስ እግሬን ትራስ ላይ አድርጋ ታሻልኛለች። ሌላ ሰው መሰለችኝ፤ እጇ የባለሙያ እጅ ሆኗል። ስትነካኝ እንደማንኛውም በሽተኛ የምታየኝ እየመሰለኝ ቅር ይለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የታጠበ ልብስ ስታጣጥፍ ጠየቅኋት።

«ያን ጊዜ፣ የሳንታ ክላራውን፣ የት ሆነሽ ነው ያየሽው?»

እጇን አላቆመችም። «ሥራ ቦታ ነዋ። አንድ ሽማግሌ አሉ። ኮች ነው የሚሏቸው ሁሉም። ኦክላንድ ሃይስኩል ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእናንተን ጨዋታ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። አንድ እሑድ ቲቪ ከፍተው አየሁና ልጄ ይሄን ነው የሚጫወተው አልኳቸው። የቱ ቡድን አሉኝ። የቡድኑን ስም አላውቀውም፤ ልብሱን በቀለም ነገርኳቸው።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«የሄድክ ዓመት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«እሑድ እሑድ እሳቸው ጋ ነው የምውለው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ፈረቃ ለምኜ ወሰድኩ። ሁሉን ነገር አስተማሩኝ። አንተ ባትጫወትም ካሜራው ዳር ዳሩን ሲያሳይ ያው! ያው! ይሉኛል። ሦስት ጊዜ አይቼሃለሁ። አንዴ ውኃ ስትጠጣ ነበር።»

የታመቀው ነገር ወጣ።

«ታዲያ አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ሆነሽ ለምን አልመጣሽም? ወንበርሽን ሳይ ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ እጇ ቆመ። «ሂጂ ብለኸኛላ» አለች። «ሁለተኛ እንዳትመጪ ብለኸኛል።»

«እማዬ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ እኮ ነበር።»

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም፤ ልጅ ነበርክ። ግን ብመጣና ቢጥሉህ መሮጤ አይቀርም። ራሴን አውቀዋለሁ። ሰባ ሺህ ሰው ፊት ላሳፍርህ?» አንድ ፎጣ አነሳች። «ያን ቀን ኮች ጋ እንኳ ኳሷ ወደ አንተ ስትመጣ ዓይኔን እጨፍን ነበር። እሳቸው እጄን ይይዙና፣ ተነስቷል ሲሉኝ እገልጥ ነበር።»

«ካልተያዘችስ? የሦስተኛዋን እንዴት አየሽ?»

«እሷን ደግመው ደጋግመው አሳዩዋታ» አለችና ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠችው።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ልል አፌን ከፈትኩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደምለው ግራ ገባኝ። ተነስቼ በክራንቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩና ውኃ ጠጣሁ። ስመለስ ከልብሱ ግማሹን ወስጄ ማጠፍ ጀመርኩ።

በቀጣዩ እሑድ አብሬያት ሄድኩ። የኮች ክፍል በረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ናት። ቀጭን፣ ጣታቸው ረጃጅም፣ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዘ የተማሪዎች ፎቶ። እናቴ «ልጄ ነው» ብላ አስተዋወቀችኝና ሌላ ክፍል ጠርተዋት ወጣች። ሽማግሌው እግሬ ላይ ያለውን ትልቅ የሕክምና ጫማ አዩ።

«ሥራ ላይ ነው የተጎዳኸው?»

«አዎ፣ ሥራ ላይ ነው።»

«መጥፎ» አሉና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ጥቂት ቆይተው «የዚህች ሴትዮ ልጅ ተጫዋች እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ነገር እንደሚጠፋባቸው እናቴ በኋላ ነው የነገረችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ተቀባይ ነው። ብዙ አያስገቡትም። ግን አሯሯጡን ብታየው...» ረጅሙን ጣታቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ወደፊት ሳቡና ድንገት ወደ ጎን ቀየሩት። «ሲዞር ፍጥነቱን አይቀንስም። ይሄን ማስተማር አይቻልም። አርባ ዓመት ሞክሬ ሦስት ልጅ ብቻ ነው ያገኘሁት።»

እኔ የማንን አሯሯጥ እንዳዩ አሰብኩ። በጨዋታ ላይ ያዩኝ ያችን አንዲት እሑድ ብቻ ነው። ያችን ቀን ደግሞ ቀይ ሰደርያ አልለበስኩም።

እናቴ ስትመለስ «ተዋወቃችሁ? ልጄ እኮ ነው» አለቻቸው።

ፈገግ አሉና እጄን ጨበጡኝ። «ደስ ይላል። ሌላኛውስ፣ ተጫዋቹ?»

እናቴ አየችኝ። «ዛሬ አይጫወትም» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሦስታችን ማየት ጀመርን። አንዳንድ ሳምንት ያውቁኛል፤ ያን ጊዜ ሦስተኛዋን ኳስ አንስተው ይወቅሱኛል። አንዳንድ ሳምንት ስለ ራሴ ለራሴ ያወሩኛል። ሁለተኛውን እወደው ነበር። እግሬ እየዳነ ሲሄድ ኦክላንድ ውስጥ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ በረዳትነት ቀጠረኝ፤ በከተማዋ መሐል ካለው ሐይቅ አጠገብ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ተከራየሁ። ሥራዬ ሰው አጠገብ ቆሞ አንድ ርምጃ፣ አንድ ርምጃ ማለት ነው። ታካሚዎቹ ሲሻላቸው አይመለሱም። ሥራው እንደዚያ ነው፤ ባዶ ቤት ስገባ ግን የዋልኩበት ቀን በሙሉ ደህና ሁኑ ስል የዋልኩ ይመስለኛል። ቁመቴን አይተው ምን ትጫወት ነበር የሚሉኝ አሉ። ቅርጫት ኳስ እላለሁ፤ ጥያቄው ቶሎ ያልቃል።

ኮች በጥር ወር አረፉ። የቀበሯቸው ኦክላንድ፣ ቀድማቸው የሞተችው ባለቤታቸው ካረፈችበት ኮረብታ ላይ ነው። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸውና ሰው ይሞላል ብዬ ነበር። ከሩቅ ስቴት የመጣች ልጃቸው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሁለት የጥንት ተማሪዎቻቸው፣ ቄሱ፣ እናቴና እኔ። በቃ። እናቴ ጥቁር ልብሷ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። አፈሩ ሲመለስ እንደ አገሯ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳችና ዙሪያውን አይታ መልሳ አወረደችው። እኔም እጇን ያዝኩ። አላስለቀቀችኝም።

ልጃቸው ወደ እኛ መጣች። «አባቴ በስልክ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያወራኝ ነበር» አለቻት እናቴን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ተጫዋቹ አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ነበርኩ» አልኩ። ቃሉን ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴን ወደ ሳን ሆዜ እየነዳሁ ወሰድኳት። ፍሪዌዩ ተጨናንቆ በእግር ርምጃ ነበር የምንሄደው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች «ያምህ ነበር?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሲጥሉህ። ዓይኔን ስለምጨፍን አላየሁትማ።»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሐኪሞቹ የሚጠይቁት ከአንድ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ስለተሰበረችው ትንሿ ጣቴ ጀመርኩላት። ቀጥሎ ሁለት ቀን ብርሃን ማየት አቅቶኝ መጋረጃ ዘግቼ ስለተኛሁበት ጊዜ፤ ያን ሐሙስ ደውላ በላህ ስትለኝ በላሁ ያልኳት ውሸቴን ነበር። ከአካሌ ወደ ሌላው ሄድኩ፤ ሶፋው ላይ ብቻዬን ስለማጨበጭብበት፣ ሰኞ ባልገባኝ ቀልድ ስለምስቅበት። አማርኛዬ ሲያልቅብኝ እንግሊዝኛ እጨምራለሁ፤ ገባኝ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። አላለቀሰችም፤ አይዞህም አላለችኝም። ማዳመጥ ብቻ።

ቤቷ ደጃፍ ደርሰን መኪናውን አቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ነቀልኩ። እሷ ቀበቶዋን አልፈታችም።

«ቀጥል» አለችኝ።